እግር ያለው ፊደል

ደብዳቤውን የጻፈው እሱ ነው፤ ያደረስኩት እኔ። ማንበብ ስለማልችል ምን እንደተሸከምኩ አላውቅም ነበር። ለካ ለሸፈተ መኮንን የተላከ ኖሯል። ሁለታችንንም አንኮበር ወህኒ አወረዱንና የእሱን ቀኝ እጅ ከእኔ ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት አቆራኙን። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ጉሙ በበሩ ይገባል፣ የተኛንበት ገለባ ሻግቶ ይሸታል።

ሰውየው ደብተራ ነው። ጠባቂዎቹ እንኳ «የኔታ» ይሉታል። እኔን «አንተ» ነው።

አንድ ጠዋት የወህኒው አዛዥ ፈረንጆች ያተሙት አንድ ቅጠል ወረቀት ይዞ መጣ። የነፍስ አባቱ ዓይናቸው ደክሟል፤ የበዓሉን ወንጌል ልክ በዚህ ፊደል በብራና ቢጽፍላቸው እንደሚፈታው ለደብተራው ነገረው። ስለ እኔ ምንም አላለም።

ፊደሉን አየሁት። ወፍራም ነው። አግድሙም እንደ ቁመቱ ደንዳና፣ እግሩ በመጥረቢያ እንደተቆረጠ ግንድ ድፍን። ደብተራው አጉረመረመ፤ ለርዕስ እንጂ ለረጅም ንባብ አይሆንም፣ ብራና ይበላል፣ ቀለም ይጠጣል አለ። የእሱ ቀጭን ጽሕፈት ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነበር። ይኼ ግን ከበሩ ሆነው ቢያዩት እንኳ ይለያል።

«ይኼ ሦስት እግሩን ተክሎ የቆመውስ?» አልኩት።

«ጠ ነው። ለባላገር ሁሉም ዱካ ነው።»

ፊደል የለየሁት እንዲህ እየተሰደብኩ ነው።

ቀናሁ። ስንታሰር አብረን፣ ሲፈታ ብቻውን። አንድ ጊዜ እጄን ብስብ ብራናው ይበላሻል፤ ሌላ ብራና የለም። እሱም ያውቃል። ሰንሰለቱን ፍታልኝ ብሎ አዛዡን ቢለምነው፣ ስትጨርስ አለው።

በሦስተኛው ቀን፣ መጨረሻው መስመር ላይ ብረቱ ከብዶት እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዞሮ አየኝ።

«ወንድሜ» አለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ልስብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልዋሽም። ዓይኔ ግን የጀመረው ፊደል ላይ ወደቀ። አንድ እግሩ ቆሟል፣ ሌላው ገና አልተተከለም። ሰንሰለቱን በቀኝ እጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩለት።

«ጻፍ» አልኩት።

በማግስቱ ፈቱት። እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ቆየሁ።

ዛሬ ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው፤ ፊደሌ እንደ ሰካራም ያጋድላል። ነገሩን የሰማ ሁሉ ደግ ሰው ነህ ይለኛል። ደግነት አይደለም። እንዲያ ያለ ፊደል ከእጄ እንደማይወጣ ያን ቀን ገብቶኛል፤ በእጄ እንዳይጠፋ ማድረግ ግን እችል ነበር። ሰውየውን አልወደድኩትም። ቅናቱም ዛሬ ድረስ አልለቀቀኝም።