ውሃ አይቆለልም

በዚያ ጠዋት ራኩባው ውስጥ፣ ማለት ለልጆች ወተት በሚታደልበት የሣር ዳስ ውስጥ፣ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ታላቅ እህቴ፣ ጭኗ ላይ የተኛችው ልጇ፣ ወተቱን የሚበጠብጡት የጭልጋ ሴትዮ፣ ከእኛው ጋር የተሰደደው ነርስ፣ እና እኔ። ስም አልጠራም፤ የነበረ ሰው ያውቀናል።

መጠለያው ከሱዳኗ ገዳሪፍ ወጣ ብሎ ነበር። እዚያ ያደረሰን ርሃብ ልጅቱን አጥንቷን አስቀርቷታል። ወተቱን ስትጀምር ታገግማለች ብለን ስንጠብቅ ተቅማጡ ባሰባት። እህቴ ያን ዕለት የመጣችው ልታስጠጣት አልነበረም፤ ወተቱን እንደምታቆም ለነርሱ ልትነግረው ነበር። ካቆመች ደግሞ የምንሰጣት ሌላ ነገር አልነበረንም።

«ሆዷ አልቀበል አለ። ከእንግዲህ ውሃ ብቻ» አለችው።

«ውሃ ብቻ ካጠጣሻት ታጪያታለሽ» አላት።

እኔ የማየው ሴትዮዋን ነበር። ነርሱ ያዘዘው ለአንድ ጣሳ የወተት ዱቄት አራት ጣሳ ውሃ ነው። እርሳቸውም ቁጥሩን አልሳቱም፤ ሦስት ዱቄት፣ አሥራ ሁለት ውሃ፣ ጮክ ብለው እየቆጠሩ። ጣሳው ግን አፉ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር ነው። ዱቄቱን በሰፈሩ ቁጥር በመዳፋቸው እየደገፉ እንደ ጤፍ ይቆልሉታል። እኛ አገር እህል የሚሰፈረው እንዲህ ነው፤ አፉ ላይ አስተካክሎ የሚሰጥ ሰው ቆንቋና ይባላል። ውሃ ግን አይቆለልም።

ወደ ድስቱ ጠጋ አልሁ።

«እናቴ፣ ዱቄቱን ለምን ይቆልሉታል?»

«ለተራበ ልጅ ጎደሎ ልስፈር? ንፉግ ልታስብለኝ ነው፣ አንተ ልጅ?»

እህቴ ሳትቀር ሳቀች።

ሽፋን ከሌለው የሒሳብ መጽሐፍ ብቻዬን የተማርሁት ነገር ነበር፤ ያልታወቀውን በፊደል መተካት። ነርሱን አስፈቅጄ ሁለት ጣሳ ዱቄት ቆለልሁና ከጣሳዎቹ አፍ በላይ ያለውን በእንጨት ጠረግሁ። የተጠረገው ሌላ ጣሳ እስከ አፉ ሞላ። አንዱ ቁልል ግማሽ ጣሳ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ የገባው ዱቄት ሦስት ሳይሆን አራት ተኩል ነበር። የሚያስፈልገውን ውሃ «ው» ብዬ መሬት ላይ ጻፍሁ። አንድ ለአራት ከሆነ፣ አራት ተኩል ለ«ው»። አራት ተኩል በአራት ሲባዛ አሥራ ስምንት። ድስቱ ውስጥ ያለው አሥራ ሁለት።

«ደግሞ ምን ትጠነቁላለህ?» አሉኝ ሴትዮዋ።

«ስድስት ጣሳ ውሃ ጎድሏል» አልሁ።

ነርሱ ጎንበስ ብሎ ሒሳቡን ራሱ ደግሞ ሠራው። ፊቱ ተለወጠ።

«ወተቱ ወፍሮ ነው ልጆቹን የሚያስቀምጣቸው» አለ ቀስ ብሎ። «አስተካክለው ይስፈሩ አላልኋቸውም። ጣሳ ብቻ ነው ያልሁ።»

ሴትዮዋ ዱቄት የለበሰ መዳፋቸውን አዩ።

«ከጀመርሁ ወዲህ እንዲህ ነው የሰፈርሁት» አሉ። «ለሁሉም።»

እህቴ ተነሥታ ፈልቶ ከቀዘቀዘው ውሃ ስድስት ጣሳ ጨመረችና ልጇን አስጠጣች።

ልጅቱ ውላ አድራ ሆዷ ረጋላት፤ ተረፈችልን። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ወዲያ ጣሳውን በእንጨት ሁለት ጊዜ ይጠርጉት ነበር። ከዚያ ጠዋት በፊት ከዚያው ድስት የጠጡት ሌሎች ልጆች ምን እንደሆኑ አላውቅም።

ራኩባው በር ላይ ተሰልፋችሁ የነበራችሁ፣ ያጎደልሁትን ሙሉልኝ። ሴትዮዋ መበጥበጥ የጀመሩት መቼ ነበር? ልጆቻችሁስ እንዴት ሆኑ?