«ኖር» ያላልኩበት ክሊፕ

ሜልቦርን ውስጥ የሙዚቃ ክሊፕ ማየት የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ሌላው ሕዝብ ዝም ብሎ ያፈጣል። እኔ ግን መኪናው የኪራይ መሆኑን በጎማው፣ ዘፋኙን ጫማው እንደጠበበው በቅንድቡ እለያለሁ። ይህን ኖርዝ ሜልቦርን ባለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ሳወራ በርበሬ የሚመዝነው ሰውዬ፣ «ያንን የመድኃኒት ማስታወቂያ ክሊፕ መስሎህ እስከ መጨረሻው ያየኸው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

ዜማው ጥሩ ነበር።

ያም ሆኖ የአንዲትን ልጅ ሥራ ከሁሉም ቀድሜ ያደነቅሁት እኔ ነኝ። ኮሊንግዉድ ባለው የመንግሥት ኪራይ ቤት ፎቅ ላይ ያደገች፣ ክሊፕ የምትሠራ ልጅ ናት። የእኛ ክሊፕ መቼም ይታወቃል፤ ወንዱ ዛፍ ተደግፎ ያዝናል፣ ሴቷ አምስት ቀሚስ ትቀያይራለች፣ አለቀ። እሷ ግን ፖይንት ኩክ የሚባል አዲስ ሰፈር ሄዳ ዘፋኙን በአንድ በር አስገብታ በጎረቤት በር ታስወጣዋለች፤ በወጣ ቁጥር ዐሥር ዓመት አርጅቶ ነው። በመጨረሻ ሽማግሌው የመጀመሪያውን በር ሲያንኳኳ ወጣቱ ራሱ ይከፍትለታል። ቤቶቹ ከመመሳሰላቸው የተነሳ እዚያ የሚኖረው ወንድሜ ክሊፑን ያየ ዕለት የበሩን ቁልፍ አስቀየረ።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ አግኝቻት ይህን ሁሉ ስተነትንላት፣ «ጋሼ፣ ለአዲሱ ክሊፕ ሰው እፈልጋለሁ። ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ይችላሉ?» አለችኝ።

«ሃያ ዓመት ሶፋ ላይ ተለማምጄዋለሁ» አልኳት።

ቀረጻው ከፎቁ ሥር ባለው አዳራሽ ነበር። ዐሥራ አምስት ሰዎች የሰርግ እንግዳ ሆነን በተቀመጥንበት እንደ ድንጋይ ድርቅ እንላለን፤ ዘፋኙ ብቻ በመካከላችን እየዘፈነ ያልፋል፤ ካሜራው አንዴም ሳይቋረጥ ይከተለዋል። አዳራሹን ቡክ ያደረገችው እስከ እኩለ ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀረጻ ጉርሻ የዘረጋችው ሴት ሳቀች። በሁለተኛው ጎራሹ መታገሥ አቅቶት ዋጠ። የቀረው የአንድ ዘፈን ሰዓት ብቻ ነበር።

«ይሄ ከተበላሸ ክሊፕ የለም» አለች ልጅቱ።

ዘፋኙ መሃል ደረሰ። ካሜራው ፊቴ ላይ መጣ። በሩ ተከፈተና ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የፎቁ ነዋሪ የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ ገቡ። ዐሥራ አራቱ ድንጋዮች እኩል ብድግ አሉ።

«ኖር።»

«በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ።»

ተቀመጡና እንደገና ደረቁ። ዘፋኙ አላቆመም፤ ልጅቱም ካሜራዋን አላጠፋችም። እትዬ እኔ ጋ ሲደርሱ ጋሪያቸውን አቆሙ።

«ይሄኛውን ምን ነካው? ታሟል?»

ልጅቱ አንዲት ሰከንድ አልቆረጠችም። ዛሬ ሰው ሁሉ ደጋግሞ የሚያየው ያንን ቦታ ነው። «ድንጋይ እንኳ ለእናት ይነሳል፤ ምን ዓይነት ጭንቅላት ናት» ይላሉ፤ እውነትም እሷ ባትሆን ሌላው ያኔውኑ «አቁሙ» ብሎ ይጮህ ነበር። ከዚያ አስከትለው ስለ አንዱ የማይነሳ ድንጋይ ይጠይቃሉ።

«ጉልበቴን አሞኝ ነው» አልኩ። ለማስረጃም ሦስት ወር ሙሉ እያነከስኩ ሱቅ ገባሁ። በርበሬ መዛኙ ከሚዛኑ ቀና ብሎ፣ «ያለፈው ሳምንት የታመመው ግራው ነበር» አለኝ።

ጉልበቴ ጤነኛ ነው። እትዬንም ሲገቡ አይቻቸዋለሁ። ያልተነሳሁት ካሜራው ፊቴ ላይ ስለነበረ ነው።