የአለሙ ሁለት ምስማሮች

መርሳ ላይ፣ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ጋራዥ ነበር። የሻረግ ያደገችው እዚያ ነው። እናቷ ስትሞት ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ አለሙ የሚያስቀምጥባት ቢያጣ፣ ጥግ ላይ በተጣለ አሮጌ የአውቶብስ ወንበር ላይ አስቀምጧት መኪና መፍታቱን ቀጠለ። "ሰውዬ፣ አግባ እንጂ! ልጅቱን ግሪስ ልታበላት ነው?" ይሉት ነበር ሰዎቹ። አላገባም። ልጅቱም ግሪስ አልበላችም፤ ነገር ግን ሀ ሁ ከመቁጠሯ በፊት ካቻቢቴውን ከፒንሳው ለይታ ታቀብለው ነበር።

አለሙ ራሱ ፊደል አልቆጠረም። ሞተር ታሞ ሲመጣለት ረጅሙን ካቻቢቴ ብረቱ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ቀና ብሎ በሽታውን ይናገራል። የመኪና ሕመም ስቶ አያውቅም ይባልለታል። የገዛ ሆዱን ግን እንዲያ አላዳመጠም፤ አዳምጦም ከሆነ ለሰው አልተናገረም። የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ጦርነቱ መጥቶ የጋራዡ ዕቃ አንድ ሳይቀር ከተወሰደ በኋላ አለሙ በውሰት መፍቻ እንደገና ጀመረ። የሻረግም አንድ ዓመት ባክኖባት ተፈተነችና አለፈች። ምደባው ሲመጣ ወልድያ፣ ኬሚስትሪ። አለሙ ኬሚስትሪ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ወልድያ ግን በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማትሞላ መንገድ መሆኗን ያውቃል፤ ደስታውን አልቻለውም። "ልጄን ጎረቤት ነው የላኩልኝ" እያለ ለገባ ለወጣው ሁሉ ያወራ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ የሁለቱ ቀን ሆነች። የሻረግ ጠዋት በፈንታው ሚኒባስ ትሳፈራለች። ፈንታው ከልጅነቱ ጀምሮ ከአለሙ ጋራዥ የማይጠፋ ሹፌር ነው፤ ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዞላት፣ አምባሰል ከፍቶ፣ አብሮ እያንጎራጎረ ጋራዡ በር ላይ ያወርዳታል። እሷም የአባቷን ቱታ በነጭ ጋዝ ዘፍዝፋ፣ በሳሙና አሽታ ታጥባለች፤ የሳምንቱን ወጥ ትሠራለች፤ ከዚያ አንድ ትሪ ላይ ይበላሉ። በሌላው ቀን አለሙ ይብላ አይብላ እግዜር ነው የሚያውቀው። ቅዳሜ ግን ይበላል። የምታጎርሰውም እሷ ነበረች።

ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። የፈለገ ተማሪ ከመደበኛው ትምህርቱ ጎን አካውንቲንግ መመዝገብ ይችላል፤ ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ነው። ዶርም የምትጋራት ራሄል የዚያኑ ዕለት ተመዘገበች። "ኬሚስትሪ ብቻ ታቅፈሽ ማን በር ላይ ልትቆሚ ነው?" አለቻት። "ከኛ በፊት የተመረቁትን አላየሻቸውም? ሁለት ያዢ።"

የሻረግ ለቅዳሜዋ ወደ መርሳ ስትወርድ ነገሩን ይዛ ወረደች። አክስቷ አለሚቱም እዚያው ነበረች፤ የአለሙ ታናሽ እህት ናት፣ አፏ እንደ በርበሬ የሚፋጅ፣ ሆዷ ግን ቅቤ የሆነ ሴት።

"እንዴ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አለች አለሚቱ ወዲያው። "አንዱን በወጉ ትያዝ።"

"አንቺ ደግሞ!" አለ አለሙ። "መኪና ትርፍ ጎማ ሳይዝ ከመርሳ ሲወጣ አይተሻል? እኔ አንድ ሙያ ብቻ ይዤ፣ ዕቃዬን የወሰዱብኝ ቀን ምን እንደሆንኩ አላየሽም?" ወደ ልጁ ዞረ። "ተመዝገቢ፣ የሹዬ።"

"አባዬ፣ ትምህርቱ እኮ ቅዳሜና እሁድ ነው።"

አለሙ የጠቀለላትን ጉርሻ ወጡ ላይ አጠቀሳት። ከዚያ ጎረሳት፤ አላምጦ ዋጠ። "ቱታ ሰኞም ይታጠባል" አለ።

የሻረግ ቁርጡን ሳትናገር ተመለሰች። ሁለት ሳምንት አንዴ እመዘገባለሁ፣ አንዴ አልመዘገብም እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች። አእምሮዋ አባቴ ልክ ነው ይላታል፤ ሆዷ እምቢ አለ። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው በቅዳሜዋ ስትመጣ፣ ከአለሙ አልጋ ትይዩ ካለው ግድግዳ ላይ ሁለት ምስማሮች ጎን ለጎን ተመትተው አየች። እንደ ሞተር ሥራው ሁሉ ሁለቱንም በክር ለክቶ ነው የመታቸው።

"ይኼ ምንድነው?"

"ይኼኛው የኬሚስትሪው ፎቶሽ ነው፣ በጥቁሩ ካባ ሆነሽ። ይኼኛው ደግሞ የሁለተኛው።" አለሙ እንደ ልጅ ሳቀ። "ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ሁለቱንም ላያቸው ነው።"

እንዲህ ያለ አባት እንዴት እምቢ ይባላል? ሰኞ ጠዋት ተመዘገበች።

ሒሳቡ አልከበዳትም። የከበዳት ቅዳሜ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን፣ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ፣ "ይኼኔ ቱታውን እያሰጣሁ ነበር" ትላለች በሆዷ። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ "ይኼኔ እየበላን ነበር።" በሥራ ቀን ልሂድ ብትል የቤተ ሙከራ ሰዓቷ አላፈናፍን አላት። ስለዚህ አባቷን የምታየው በበዓል በበዓል ሆነ። ገና ላይ ስትመጣ ጋቢ ተከናንቦ አገኘችው። ጨጓራ ነው አላት። ፋሲካ ላይ ቀበቶው ሁለት አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለት አየች፤ ደነገጠች።

"አባዬ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?"

"ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ሊወፍር ኖሯል?" ብሎ ሳቀባት። እሷም አመነች። በሁዳዴ ማን የማይከሳ አለና! ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ በየሳምንቱ እያየችው ታውቀው ነበር፤ በየሳምንቱ የሚያየው ግን አልነበረም።

ይሁን እንጂ አንዳች ነገር ከሆዷ አልወጣ አለ። ግንቦት ላይ ሄዳ ከሁለተኛው ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ ወሰደችና ሞላች። "የዓመቱን ፈተና ሳትጨርሺ?" አለቻት ራሄል። "የለፋሽበትን ተፈተኚና ከዚያ ማቋረጥ ነው።" እውነትም ይሻላል ብላ ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰኔ ላይ ፈተናውን ጨርሳ፣ ቅጹን ይዛ ሄዳ፣ ለአባቷ በአፏ ልትነግረው ቆረጠች።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን የሻረግ ያወቀችው በኋላ ነው። ሰኔ ሲገባ አለሙ ደሴ ሄዶ ተመረመረ፤ ሕመሙ ጉበት ላይ ነበር፤ ጊዜው አልፏል ተባለ። ተመልሶ አልጋው ላይ፣ ከሁለቱ ምስማሮች ትይዩ ተኛ። አለሚቱን ጠርቶ በአባታቸው አጥንት አስማላት። የሻረግ ፈተናዋን ሳትጨርስ መታመሙን እንዳትነግራት፤ ማንም እንዳይነግራት። አለሚቱ እያለቀሰች ማለች። ለልጅቱም "ጠበል ገብቷል፣ ስልክ አይያዝም" ተባለላት።

ሐሙስ ዕለት ግን አለሙ አላስችል ብሎት በእህቱ ስልክ ደወለ። ድምፁ ደክሟል፤ እሷ ግን የጠበሉ መስሏታል።

"ቅዳሜ የምን ፈተና ነው?" አላት።

"የአካውንቲንግ ነው፣ አባዬ።"

"እሱ የትኛው ምስማር ነበር?"

"ሁለተኛው።"

"እሰይ፣ የኔ ልጅ። በርቺ።"

ዓርብ ወደ ማታ አለሙ አረፈ። ቅዳሜ ገና ሲነጋ የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አለሚቱ "ልጅቱን አምጡልኝ፣ አባቷን አፈር ታልብስ!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች። "እኔ የማልኩት ስለ ሕመሙ ነው፤ ስለ ሞቱ አልማልኩም!" አለች። ሴትዮዋ ልክ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ግን ተያዩ፤ ከመካከላቸው አንዱ "ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" አለ። ሟች ፈተናዋን ትጨርስ ብሏል፤ ፈተናዋ እሁድ ነው የሚያልቀው፤ አስከሬን ደግሞ እስከዚያ አይቆይም። በቃ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው አለሙን ይወዱት ነበር። እንዲያውም ስለሚወዱት ነው ከልጁ ደብቀው የቀበሩት። ራሄልም ተደውሎላት ተነገራትና፣ የሻረግን ስልክ "ፈተና እስኪያልፍ ፌስቡክሽ ይብቃሽ" ብላ በቀልድ አስመስላ ወሰደችባት።

አለሙ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ተቀበረ። በዚያ ሰዓት የሻረግ የፈተና ወረቀቷን አስረክባ መውጣቷ ነበር። ጥሩ ሠርታ ነበርና ደስ ብሏታል።

እሁድ ከሰዓት፣ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሳ ስትወጣ፣ ፈንታው ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃታል። ተሳፋሪ የለውም።

"ዛሬ ደግሞ ባዶህን? ለኔ ብቻ ነው የመጣኸው?" አለችው እየሳቀች።

"ለአንቺ ነው" አለ ፈንታው፤ ፊቷን አላየም።

አምባሰሉን አልከፈተም። እሷ ግን ደስታዋ ብዙ ስለነበር አላስተዋለችም። መንገድ ሙሉ አወራች። ቅጹን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችው። "ለአባዬ ልነግረው ነው። ይቆጣኛል፤ ይቆጣ! ሁለተኛውን ምስማር ንቀለው፣ ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊትህ ነኝ ልለው ነው። ምን የሚለኝ ይመስልሃል?"

ሲሪንቃ ሲደርሱ ፈንታው መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ጎማ ልይ ብሎ ወረደ። ቆየ። የሻረግ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "ምነው፣ ተነፈሰ እንዴ?" ብትለው፣ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ እንዳለ፣ ጀርባውን ሰጥቷት "አብሽሪ፣ ደህና ነው" አላት። ሲመለስ ዓይኑ ደም መስሏል። አቧራ ነው ብላ ወሬዋን ቀጠለች።

ያን ቀን ጎረቤቶች፣ አለሚቱ አባትሽን ጠበል እያስታመመች ነው ብለው፣ አክስቷ ቤት አሳደሯት። አባትሽን ጠዋት ጠበሉ ድረስ ወስደን እናሳይሻለን አሏት። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ጥቁር ጥቁር ለብሰው ገቡ፤ ከኋላቸው ፈንታው፤ ከሁሉም ኋላ አለሚቱ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። መናገር አላስፈለጋቸውም። የሻረግ አንድ ጊዜ "መቼ?" አለች። "ዓርብ" አሏት።

"ቅዳሜ እኮ ተፈትኛለሁ" አለች፤ ደጋግማ እሷኑ አለች። "ቅዳሜ እኮ ተፈትኛለሁ። እየሳቅሁ ወጣሁ እኮ።" ከዚያ ጮኸች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሷስ እንባ ሦስት ቀን ሙሉ አልነጠፈም። የሚያሳብዳት ሞቱ ብቻ አልነበረም። ሁለት ቀን ያለ አባት ስትኖር አለማወቋ ነበር።

ለቅሶው አልፎ ወደ አባቷ ቤት ስትገባ፣ በሁለተኛው ምስማር ላይ የአለሙ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ለመንጃ ፈቃድ የተነሣው፣ አድጎ የታጠበ። ለለቀስተኛው እንዲታይ ብላ አለሚቱ ናት የሰቀለችው። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ምስማር አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ቀድሞ ለሚመጣው ፎቶ ትታዋለች።

አርባው ሲወጣ ወልድያ ተመለሰች። ውጤት ተለጥፎ ነበር፤ በቅዳሜው ፈተና ኤ አግኝታለች። ቅጹን ይዛ ሬጅስትራሩ በር ላይ ብዙ ቆመች። ብታቋርጥ ማን ጋ ትሄዳለች? ቅዳሜዋን ለማን ትመልሰዋለች? ያን ሁሉ የከፈሉበትን ነገር እንዴት መንገድ ላይ ትጥላለች? ቅጹን ቀድዳ ጣለችው።

ሁለቱንም ጨረሰች። ኬሚስትሪውን አስቀድማ፣ አካውንቲንጉን በዓመቱ። ደግሞ አለሙ አልተሳሳተም። በኬሚስትሪው ያንኳኳችው በር ሁሉ አልከፈት ሲላት፣ በሁለተኛው ትምህርቷ፣ ሐራ ከተማ፣ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ዛሬ እንጀራዋ እሱ ነው። ሰው "ብልህ አባት ነበረሽ" ሲላት "አዎ" ትላለች።

የኬሚስትሪው ፎቶ በአንደኛው ምስማር ላይ ከተሰቀለ ቆይቷል። ሁለተኛውን ያሠራች ጊዜ በመስታወት አስገብታ መርሳ ይዛው መጣች። አለሚቱ አይታ እልል አለች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ወጣችና የወንድሟን ፎቶ ልታወርድ እጇን ዘረጋች።

"ተዪው፣ እትዬ" አለች የሻረግ።

"ምን ማለትሽ ነው! ይኼ ምስማር ለዚህ ነው የተመታው። የሱ ቃል ነው እኮ!"

"ቃሉን አንዴ ጠብቀሽለታል፤ ይበቃል።"

አለሚቱ እጇን አወረደች። ወንበሩ ላይ እንደቆመች ማልቀስ ጀመረች። "ምን ላድርግ፣ የኔ ልጅ፣ አስማለኝ እኮ" አለች። የሻረግ ደግፋ አወረደቻት፤ አቅፋትም ቆየች። በኋላ አለሚቱ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "እንግዲያው ሦስተኛ ምስማር እንምታለት" አለች።

"አባዬ የመታው ሁለት ነው።"

የሻረግ ያመጣችውን ፎቶ በነጠላዋ ጠቅልላ ከአልጋው ሥር ያለውን ሣጥን ከፈተች። የአለሙ ቱታ እዚያ ነበር፤ መጨረሻ የለበሰው፣ ዘይቱ እንዳለ፣ አለሚቱ ለማጠብ አንጀቷ እምቢ ብሏት አጥፋ ያስቀመጠችው። የሻረግ ቱታውን አውጥታ ፎቶውን በቱታው ቦታ አስገባች። ነጭ ጋዝ ልካ አስመጣች፤ ደጅ ወጥታ ዘፈዘፈችው፤ በሳሙና አሽታ አጠበችው። ቅዳሜ ነበር። አጥሩ ላይ አሰጣችውና፣ እስኪደርቅ ከሥሩ ተቀመጠች።