«እንቅፋት አለብሽ?»

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ቢሯችን በረንዳ ላይ ክብ ሠርተን ቆመናል። ከፊቴ አለቆቼ፣ ከኋላዬ የበረንዳው ብረት፣ ከብረቱ ማዶ ጣና። ኪሴ ውስጥ አንድ ሎሚ ጨብጫለሁ።

ሎሚው ለምን መሰላችሁ? የሦስት ወር እርጉዝ ነኝ። ማንም አያውቅም። ወረታ ሱቅ ያለው ባለቤቴ ጀማል እንኳ አያውቅም። አምና አንድ ጊዜ አስወርዶኝ ነበር፤ ያኔ ሱቁን ዘግቶ እንዴት እንደሰነበተ ስላየሁ፣ አሁን ሐኪሟ «ደህና ነው» ሳትለኝ አልነግረውም ብያለሁ። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነበር።

ቢሮም የደበቅሁት በምክንያት ነው። የምንሠራው ሶፍትዌር ነው። የያዝነው ሥራ ሁለተኛ ምዕራፍ አለው፤ እሱን የምትመሪው አንቺ ነሽ ተብያለሁ። ከእኔ በፊት አንዲት ጓደኛችን እንዲሁ ተብላ፣ ሆዷ ሲገፋ «ትንሽ ትረፍ» ተባለና ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ይኸው እስከ ዛሬ እያረፈች ነው።

አለቆቻችን ሁለት ናቸው። አቶ አስማረ የድሮ ኢንጂነር ናቸው። እሳቸው ዘንድ ሥራ ማለት ቤት መሥራት ነው፤ ዲዛይኑ አልቆ ካልተፈረመ ድንጋይ አይነሳም። ዕቅዳቸው ግድግዳውን ሞልቶ ተለጥፏል... ማን፣ ምን፣ በየትኛው ወር። ሄኖክ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥቶ አጃይል የሚሉትን አሠራር ያስለመደን ልጅ ነው። ትንሽ ሠርተህ ለደንበኛው ታሳየዋለህ፤ ካልወደደው ትቀይራለህ። ጠዋት ጠዋት ስብሰባ አለን፤ ቆመን የምንሰበሰበው እንዳይረዝም ነው። ጥያቄው ያው ነው፦ ትናንት ምን ሠራሽ? ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ? እንቅፋት አለብሽ?

አይረዝምም... ሁለቱ ካልተነካኩ።

«ደንበኛው የመመዝገቢያው ገጽ ይቀየርልኝ ብሏል፤ እንቀይርለት» አለ ሄኖክ።

«የፈረመበትን? ዛሬ ይህን ከቀየርን ነገ መሠረቱን አፍርሱልኝ ይላል» አሉ አቶ አስማረ።

«የማይፈልገውን ሠርተን በመጨረሻ ብናስረክበውስ ምን ዋጋ አለው?»

«ማለቂያው የማይታወቅ ሥራስ ምን ዋጋ አለው?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የከፋውም ይኸው ነው። በዚያ ላይ ከታች፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ የጠዋቱን ዓሣ ማጽዳት ጀምረዋል። ንፋሱ ሽታውን ቀጥ አድርጎ ወደ እኔ! በሩ ያለው ከሄኖክ ጀርባ ነው። «ይቅርታ» ብዬ እንዳልወጣ ሰሞኑን አብዝቼዋለሁ፤ ሴቶቹ መተያየት ጀምረዋል። ሎሚውን አውጥቼ አሸተትሁ። ምንም።

«እሺ ዘይነብ፣ ትናንት ምን ሠራሽ?» አለኝ ሄኖክ።

ነገርሁት።

«ዛሬስ?»

ነገርሁት። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«እንቅፋት አለብሽ?»

ሁልጊዜ «የለብኝም» ነው የምለው። አፌን ስከፍት ግን የሚመጣው ቃል እንዳልሆነ ገባኝ። ዞር ብዬ ብረቱን ያዝሁና የአበባው ጣሳ ላይ... ቁርሴን በሙሉ።



«የምግብ መመረዝ ነው! መኪና አምጡ! ሆስፒታል!» ብሎ ሄኖክ ጮኸ።

«እርጉዝ ነኝ» አልሁ።

በቃ። ለባሏ ያልነገረች ሴት ለቢሮ ሙሉ ሰው ተናገረች። ደግሞ በምን? «እንቅፋት አለብሽ?» ለሚል ጥያቄ መልስ አድርጌ! ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ አስማረ ግን በመስኮት አሻግረው ግድግዳው ላይ ያለውን ዕቅድ እያዩ «መቼ ትወልጃለሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ሰኔ።»

«ሰኔ... ሁለተኛው ምዕራፍ መሐል ላይ።»

«ችግር የለም» አለ ሄኖክ ፈጠን ብሎ፣ እየሳቀ። «እኛ እንደሁኔታው ነው የምንሄደው። ማን እንደሚመራው ደረጃ በደረጃ እናየዋለን። አንቺ ለጊዜው ትንሽ እረፊና...»

«ትንሽ ትረፍ» የተባለችው ጓደኛችን ትዝ አለችኝ።

«ምኑ ነው የሚታየው?» አሉ አቶ አስማረ። «ስሟ ዕቅዱ ላይ አለ። ተፈርሟል። የተፈረመ አልነካም።»

«ግን ጋሼ፣ ወሊድ ፈቃድ ላይ እኮ...»

«ፈቃዷን እጨምርበታለሁ። ስሟን ግን አልሰርዝም።»

ሄኖክ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጆሮው ቀላ። «እሺ... ይሁን» አለ።

በግትርነታቸው ስንቴ ያማኋቸው ሰውዬ! ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። ለእኔ አዝነው ይሁን ለወረቀታቸው ግን እስካሁን አላውቅም።

ይሄኔ ጀማልን የምታውቀው የሥራ ባልደረባችን፣ የወረታዋ ልጅ ሰዓዳ፣ ስልኳን አወጣች። «ለጀማል እንኳን ደስ አለህ ልበለው!»

«ቆይ!» ብዬ ሄኖክን ገፍትሬ አለፍሁ። ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍሁና ደወልሁ።

«ምነው ድምፅሽ?» አለኝ ጀማል።

«እርጉዝ ነኝ። ሦስት ወር ሆኖኛል።»

የሱቁ ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል። አንድ ሰው ስኳር እየጠየቀው ነው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ፈርተሽ?» አለኝ በመጨረሻ። ከዚያ አለቀሰ። እኔም። በሩ ይንኳኳል፦ «ዘይነብ፣ ደህና ነሽ? ሆስፒታል የሚወስድሽ መኪና ደርሷል እኮ!»

ሐሙስ አብረን ሄድን። ደህና ነው ተባልን፣ አልሐምዱሊላህ።

ልጄ አድጎ «ለአባቴ ያበሠርሽው የት ሆነሽ ነው?» ቢለኝ ግን... «ጣና ዳር» ብዬ አልፈዋለሁ።