መያዣ የሚጠይቅ ግድግዳ

እርስዎም ቤት እንዲህ ይሆናል? ጠዋት ልጆቹ ሁሉ ታጥበው፣ ቁርሳቸውን በልተው፣ ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ከተሰለፉ በኋላ አንዷ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርጋ ትገኛለች። ሌላኛው የት እንዳለ ማንም አያውቅም። እናት አልጋ ሥር ትገባለች፣ አባት ጣሪያውን ያያል፣ ትንሹ ልጅ ደግሞ «እኔ አልበላሁትም!» ብሎ ያለቅሳል። ይህ ደርሶብዎት የሚያውቅ ከሆነ የምነግርዎት ዘዴ ይጠቅምዎታል።

አሰላ ተመድቤ የሄድኩት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ፣ ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነበር። የተከራየሁት ክፍል ስድስት ልጆች ባሉት የእህል ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። ነጋዴው መካ ደርሰው የመጡ ስለሆኑ ከተማው ሁሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። ገበሬው ስንዴውን ያለ ምስክር መጋዘናቸው ውስጥ አስቀምጦ የሚሄድላቸው፣ በአደራ ነገር ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ግን ቀልድ ያውቃሉ።

ትልቋ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ከዚያ ቤት እዚያ ድረስ የተማረ ሌላ ሰው የለም። ዲክሲስ የሚኖሩት አጎቷ «ለሴት ልጅ ይህ ይበቃታል» እያሉ ባል አዘጋጅተውላታል። ሐጂ የመለሱላቸው «መጀመሪያ የሚኒስትሪ ፈተናውን ትፈተን። ከተፈተነች ውጤቷን እንጠብቃለን፤ ሳትፈተን ከቀረች አንተ እንዳልከው ይሁን» ብለው ነበር። በፈተናው ቀን ደግሞ ደወል ሲደወል የትምህርት ቤቱ በር ይዘጋል፤ ያረፈደ አይገባም፣ ያለ ጫማ የመጣም አይገባም። የዚያ ቤት ልጆች ሳያረፍዱ የዋሉበት ቀን ስለሌለ እናትየው ይህን እያሰቡ እንቅልፍ አጡ።

«ያ ባርሲሳ» አሉኝ አንድ ቀን፤ በኦሮምኛ አስተማሪው ማለታቸው ነው። «የሰው ልጅ ስታስተምር ትውላለህ። እስቲ ይህን ቤት አንድ ነገር አስተምርልኝ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ያን ሰሞን ተማሪዎቼን ይዤ አንድ የትራክተር መጠገኛ ጋራዥ ጎብኝቼ ነበር። እዚያ መፍቻው፣ መዶሻው፣ ፒንሳው ሁሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ የራሱ ቅርጽ በቀለም ተስሏል። መዶሻው ከተነሳ የመዶሻው ሥዕል ብቻውን ይቀራል። ያነሳው መካኒክ ደግሞ ቁጥር ያለባትን የራሱን ቆርቆሮ በምትኩ ይሰቅላል። ማን ምን እንደወሰደ ለማወቅ ግድግዳውን ማየት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ለትራክተር ብቻ መሆኑ ቆጨኝ።

በማግስቱ ከሰል ይዤ በኖራ የተለሰነውን የሳሎን ግድግዳ ጀመርኩ። ወንፊት፣ ጭልፋ፣ መቀስ፣ መዶሻ፣ ማበጠሪያ፣ ፋኖስ፣ የከሰል ካውያ። እያንዳንዱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ዙሪያውን ሳልኩ፤ ከበላዩ ሚስማር መታሁ። ልጆቹ በደስታ አበዱ። ዘወር ስል ትንሹን ልጅ አስደግፈው ስለውት አገኘሁ፤ ከጭልፋውና ከወንፊቱ መሀል ሁለት እጁን የዘረጋ ልጅ ቅርጽ ተቀምጧል።

«ይኸው ቦታው» አሉ እናትየው። «ሲመሽ እዚያ ትሰቅልልኛለህ።»

የቀረው የቆርቆሮው ጉዳይ ነበር። ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ ስለሌለን እንዲህ የሚል ደንብ አወጣሁ፦ ዕቃ የሚያነሳ ሰው የራሱ የሆነና ሳያስመልስ የማይተወው ነገር በቦታው መያዣ ያደርጋል። ዕቃው ሲመለስ መያዣው ይመለሳል። ግድግዳውን እንዲጠብቁ ሐጂን መረጥኩ። ከእሳቸው የተሻለ ሰው አልነበረም፤ ሲሰሙትም ፊታቸው በራ።

«ይህ የገባኝ ትምህርት ነው» አሉ።

ዘዴው ሠራ ብቻ ሳይሆን ከሚገባው በላይ ሠራ። ሐጂ ራሳቸው መዶሻውን ለመጋዘኑ በር ወስደው ቆባቸውን ሰቀሉ። መዶሻው መጋዘን ቀረና ገበያ ባዶ ራሳቸውን ሄዱ፤ ያገኛቸው ሁሉ «ማን ሞተ?» እያለ ሲያጽናናቸው ዋለ። ትንሹ ልጅ ጭልፋውን ለጉድጓድ መቆፈሪያ ወስዶ ሱሪውን አስያዘ። ጭልፋውን የት እንደቀበረው ስለረሳ የሚቆፍርበት ሌላ ጭልፋ እንዲሰጠው ለመነ። እኔም መቀሱን ወስጄ ቀበቶዬን ሰቀልኩ፤ መቀሱን ጎረቤት ስለወሰደው በአንድ እጄ ሱሪዬን፣ በአንድ እጄ ጠመኔ ይዤ ክፍልፋይ አስተማርኩ። ሠሌዳ የማጠፋው በክርኔ ነበር።

ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ ቶሎ ብልህ ሆነ። ሳያስመልሱ የማይተውት ነገር ሲባል ሁሉም ያሰበው ጫማን ነው። እናትየው ለወንፊቱ አንድ እግር ጫማቸውን፣ ሁለተኛዋ ልጅ ለማበጠሪያው የሷን ሰቀሉ። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ላይ የቤት ዕቃ የሚባል ጠፋ፤ ጫማ ብቻ ሆነ። የአሰላን ጭቃ ለሚያውቅ ሰው የሚቀጥለውን መንገር አያስፈልግም፤ ከቤቱ ማንም አይወጣም ነበር።

«ልጆቼ ማርፈድ አቁመዋል» አሉ እናትየው። «ጭራሽ አይሄዱም።»

የፈተናው ዋዜማ ትልቋ ልጅ ዩኒፎርሟን ለመተኮስ ካውያውን አንስታ የቀኝ ጫማዋን አስያዘች። ተኩሳ ስትጨርስ የጎረቤታችን የጸሐፊው ሚስት ካውያውን ከእጇ ተቀብለዋት ሄዱ። ጠዋት ልታስመልስ ስትሮጥ ቤታቸው ተቆልፏል፤ ባልና ሚስት በማለዳ ለለቅሶ ኢተያ ወርደዋል። ካውያው ውስጥ ነው። ጫማው ግድግዳው ላይ ነው። ደወሉ ሊደወል ነው።

ልጅቷ ጫማዋን ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ ሐጂ ከፊቷ ቆሙ።

«ካውያውስ?»

«አባ፣ ቤታቸው ዝግ ነው! በሩ ይዘጋብኛል!»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን ካውያው ሳይመጣ መያዣ ይነሳል? ዛሬ ለልጄ ብዬ ካነሳሁ ነገ ገበሬው ስንዴውን ማን ላይ ጥሎ ይሄዳል?»

«ስንዴና ጫማ ምን አገናኘው!» ጮኹ እናትየው። «አንተ ሰው፣ ልጅቷን ለዲክሲስ ልትድራት ነው? የኔን ጫማ ስጣት!»

«ያንቺም ተይዟል።»

«ታዲያ ሌላ መያዣ ይቀየርላት!»

ሁላችንም ዙሪያችንን አየን። በቤቱ ያልተያዘ ነገር አልነበረም። ሐጂ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ሰው ይሆናል?»

ደንቡን አስቤ መለስኩ። «የወሰደው ሰው የራሱ የሆነ፣ ሳያስመልስ የማይተወው ነገር ከሆነ ሰውም ይሆናል ሐጂ።»

«የሷ ነኝ?» ሲሉ ልጃቸውን ጠየቁ።

«የኔ ነህ አባ! የኔ ነህ!» ጫማዋን ከሚስማሩ አውርዳ ማሠሪያውን እያሠረች ነው።

«ትመለሽልኛለሽ?»

«ኡፍ! እመለሳለሁ!»

ሮጠች። ሐጂ የሳሙና ሣጥን ላይ ወጥተው፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጭንቅላታቸውን የካውያው ሥዕል ውስጥ አስገብተው ቆሙ። እኔ ከኋላዋ ሄድኩ። ዘበኛው በሩን እየገፋ ሳለ በጎን ሾልካ ስትገባ በዓይኔ አየሁ።

ስመለስ ሐጂ እንደቆሙ ናቸው። የገበያ ቀን ነበርና ነጋዴዎች መጋዘኑ ዝግ ሲሆንባቸው ወደ ቤት መጡ። ስንዴውን በመዳፋቸው እየያዙ ወደ ላይ ያሳዩዋቸዋል፤ ሐጂ አንድ ፍሬ ነክሰው «እርጥብ ነው» ይላሉ። እናትየው ምሳ አጎረሷቸው። ትንሹ ልጅ አባቱን ለጨዋታ ፈልጎ በምትካቸው ሊሰቅል ሸሚዙን ማውለቅ ሲጀምር ተከለከለ።

አጎትየው ከዲክሲስ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። የሙሽራውን ሽማግሌዎች ቀን ለመቁረጥ ነበር የመጡት። በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«መያዣ ነኝ።»

«የማን?»

«የልጄ።»

አጎትየው ወደ እኔ አዩ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከጋራዡ ጀምሬ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡና ወደ ወንድማቸው ተመለሱ።

«ይሁን። ግን የመጣሁበት ጉዳይ አለ። ልጅቷን ለ…»

«አሁን እንዴት ብዬ?» አሉ ሐጂ ከላይ። «እኔ የሷ መያዣ ነኝ። መያዣ ባለቤቱን ይድራል?»

አጎትየው ጥያቄው በሕግም በሸሪዓም ምን መልስ እንዳለው በጣታቸው እየቆጠሩ አሰላሰሉ።

«ስትመለስስ?»

«ስትመለስማ ተፈትናለች። ያን ጊዜ ውጤቱን እንጠብቃለን። ቃላችን ነው።»

አጎትየው በጋሪ ወደ መናኸሪያው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ጣቶቿ ቀለም ነክሯቸው ገባች፤ ጫማዋን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና አባቷን ከሣጥኑ ደግፋ አወረደች። ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸው ሁለታችን ይዘን አስቀመጥናቸው።

«ፈተናው ከበደሽ?» ጠየቋት።

«ሒሳቡ ብቻ።»

እርስዎም ይሞክሩት። የሚያስፈልገው አንድ ባዶ ግድግዳ፣ ቁራጭ ከሰልና ጥቂት ሚስማር ነው። ሚስማሩን ከሕፃናት እጅ ከፍ አድርገው ይምቱ፤ ግድግዳው ሥር ግን ጠንካራ ሣጥን አይጥፋ። ልጅዎ ፈተና ያለባት ቀን ደግሞ እባክዎን ከጠዋቱ ጀምሮ ግድግዳው አጠገብ ይቁሙላት።