ነጭ ሻሽ ከካምቢዮው ስር

ሰፈሩ «ጋሽ ቱቦ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ቱቦ ሲያጥፍ የኖረ ሰው ነው፤ የራዲያተር፣ የፍሬን፣ የነዳጅ። ብረት በእጁ እንደ ሐረግ ይታዘዛል። የራሱ የሚላት ግን አንዲት አሮጌ መኪና ነበረች፤ ከሚስቱ ጋር ገና ሙሽሮች ሳሉ የገዟት፣ ዝገት በልቷት ግቢው ጥግ ስትተኛም ያልሸጧት። በስተርጅና «እስቲ እንደ ልጅነታችን እናድርጋት» ተባባሉና ነፍስ ይዘሩባት ጀመር።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። እሱ ከስር ይተኛል፤ እሷ መሪው ላይ ሆና ሞተር ታስነሳለች፣ ፍሬን ረግጣ ማርሽ ትቀይራለች። እግሯ አጭር ስለሆነ ወንበሩን ወደፊት ስባ ነበር የምትቀመጠው። ከቆየባት «እዚያ ስር ሌላ ሚስት አለችህ እንዴ?» ትለዋለች። «አለችኝ፤ እንዳንቺ ግን አትጨቀጭቀኝም» ሲላት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ከአሮጌ ነጭ ሻሿ ቀድዳ የሰጠችውን ቁራጭ ከቱቦው መጋጠሚያ ስር ይይዛል። ዘይትም ሆነ ነዳጅ አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ሻሹ ይናገራል።

የሞተሩ ሥራ አለቀ፤ ቀለሙም ተቀባ። የቀሩት ከካምቢዮው የጋለውን ዘይት ወደ ራዲያተሩ ወስደው፣ አቀዝቅዘው የሚመልሱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ብቻ ነበሩ። እነሱን እያጠፈ ሳለ ሚስቱ ታመመች፤ የዚያ ክረምት ዝናብ ሳያባራ ሞተች።

ቱቦዎቹን ከቀብሩ በኋላ ገጠማቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራው ፈቀቅ አላለም። ጎረቤቱ መካኒክ እኔ ልቀመጥልህና እንሞክራት ቢለው፣ ገና ነው፣ የቱቦው ዳዶ አልጠበቀም አለ። ሌላ ጊዜ ሲጠይቀውም ገና ነው አለ። ማለዳ ከስር ይገባል፤ ይፈታል፣ ያጠብቃል፣ መልሶ ይፈታል። የሚያንጎራጉራትም ግጥም አንዲት ብቻ ሆነች፦

ዘይቱስ ይመለሳል ሄዶ በመስመሩ፣
ምነው የኔን ዓለም ዋጠብኝ አፈሩ።

ሴት ልጁ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ እንደ መኪናዋ ቆሞ እንዳይቀር ፈራች። አንድ እሑድ መጥታ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ከጎኑ ተጋድማ ወደ ስር ገባች። የዳዶዎቹ ጠርዝ በመፍቻ ብዛት ተበልቶ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ጠብቋል» አለችው በቀስታ።

ቱቦውን በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ ቆይቶ «ማን ይቀመጣል?» አለ።

«እኔ።»

«ወንበሩን እንዳትነኪው።»

አልነካችውም። በቁመት አባቷን ነው የወጣችው፤ ጉልበቷ ከመሪው እየተጋጨ እንደ ፌንጣ ተጣጥፋ ተቀመጠች። የወንበሩ ሽቦ ሲንቋቋ ከስር የተኛው ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ያን ድምፅ ያውቀዋል።

ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ አስላ አስላ ተነሳች። ፍሬኑን ረግጣ ማርሹን አስገባች፣ መለሰች። እናቷ የምትለውን ያን የ«ሌላ ሚስት» ቀልድ ልትለው አሰበችና ተወችው።

አባቷ ሻሹን ከመጋጠሚያው ስር ይዟል። ቱቦው በመዳፉ ውስጥ ቀስ በቀስ ሞቀ። ሻሹ ግን ነጭ እንደሆነ ነው፤ ቀዩ የካምቢዮ ዘይት ጠብ አላለበትም።

«አባዬ፣ ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

«ላጥፋው እንግዲህ?»

«ተይው» አለ። «ትንሽ ይሥራ።»

ሻሹን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ሞተሩን እያዳመጠ እዚያው ተኛ።