ሰው የማይኖርበት ደን

ልጄ ሰላም ከጓደኞቿ ጋር ዲላ ላይ የአካባቢ ጥበቃ አማካሪ ቢሮ ከፍታለች። ደንና ወንዝ አጥንተው ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይመክራሉ። ባለፈው እሑድ ኮምፒውተሯን ከፍታ በሳተላይት የተነሣ ካርታ አሳየችኝ። ወርቃ አካባቢ፣ ወንዙ ዳር፣ አረንጓዴ ከተቀባው ቦታ ላይ «ጥቅጥቅ የተፈጥሮ ደን፣ ሰው የማይኖርበት» ይላል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ምን ያስቃል፣ አባዬ?» ብላ ተቆጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ፣ የደን ትምህርቴን ጨርሼ ዲላ በተመደብኩ በወሩ፣ መሥሪያ ቤቴ ወርቃ ላከኝ። ወንዙ እየደፈረሰ አስቸግሮ ስለነበር በዳሩ ያለውን ደን አጥንቼ የሚከለለውን እንድጠቁም ነበር የታዘዝኩት። እኔ ደግሞ ያደግሁት ዛፍ ብርቅ በሆነበት አገር ነው። እስከ ገደብ ከተማ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ጭቃ እያቦካሁ በእግሬ ደረስኩ። ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ዝግባው ሰማዩን ሸፍኖት ሳይ ጮቤ ረገጥኩ። ቀይ ቀለም በጣሳ ይዤ፣ ትልልቁን ዛፍ ስቆጥርና ግንዱ ላይ ቁጥር ስጽፍ ሦስት ቀን ሰነበትኩ። ቡናውም እንሰቱም የዱር መሰለኝ። አውራ ዶሮ ሲጮህ እንኳ ከማዶ ነው ብዬ አለፍኩት! ለነገሩ ያኔ ከመጽሐፌ ውጪ የማምነው ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። እንሰት ሥር ተኮራምቼ ሳለ፣ «ና ግባ እንጂ፣ ቤት እያለ ለምን ትበሰብሳለህ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ዞር ስል ከቅጠሉ መሀል ጎጆ ቤት አለ፤ አሥር እርምጃ አይርቀኝም። ጠሪው አቶ ዱካለ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። እሳት ዳር አስቀምጠው ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። ቅቤው በእጄ እየወረደ ስበላ ቆይተው ጠየቁኝ።

«ሦስት ቀን ዛፌን ቀለም ቀባህ። የመንግሥት ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለምንድነው?»

«ደኑ ሊከለል ነው፣ አባባ። ሰው እንዳይገባበት።»

«እኛስ የት እንግባ?»

ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ያኔ ተነሡ ከተባለ መነሣት ነው፤ ወረቀቴን ባስገባ የሚነሣው ይኸው ያስጠለለኝ ቤት ነበር። በጣም አፈርኩ።

ዝናቡ ሲያባራ እጄን ይዘው አዞሩኝ። «ይቺን ብርብራ አባቴ ነው የተከላት። ይሄ ዝግባ፣ የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ። ዋንዛው ለቡናው ጥላ ነው፣ እንሰቱ አፈር ይይዛል።» በመጨረሻ ወንዙ ዳር ደረስን። ከእሳቸው ጓሮ የሚወርደው ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ ከወዲያ፣ ዛፉ ከተመነጠረው ዳገት የሚወርደው ግን ቀይ ጭቃ ነበር።

ወረቀቴን ቀደድኩ። አዲሱ ላይ «ይህ ደን አይደለም፣ ጓሮ ነው። ወንዙን የጠበቁት ነዋሪዎቹ ስለሆኑ አይነሡ፤ ዛፍ የሚተከለው በተራቆተው ዳገት ላይ ይሁን» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ፣ «ደን ቁጠር ብንልህ የሰው ጓሮ ቆጥረህ መጣህ?» አለኝ። ግን ፈረመ። ቢሮው ዓመቱን ሙሉ «ጓሮ ቆጣሪው» ሲለኝ ከረመ፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቅጽል ስም የለም።

ይህን ሁሉ ለሰላም አልነገርኳትም። ኮምፒውተሩም እኔም የተሳሳትነው አንድ ነገር ነው፤ ሁለታችንም ደጅ አላንኳኳንም። ይህን ደግሞ ሰው ራሱ ሄዶ ቢያገኘው ይሻላል። «ሂጂና ዝናብ እስኪመጣ ጠብቂ» አልኳት ብቻ።

ሐሙስ ዕለት ደወለች። የዝናቡ ድምፅ በስልኩ ይሰማል፤ ከጀርባዋ ሰዎች ይሳሳቃሉ።

«አባዬ» አለች፣ አፏ ሞልቶ፣ «ቆጮ እየበላሁ ነው።»